ምስር ነቀላው፣ መርፌው ወይስ ዲስኩ? ከጅሩ የመጡ አንድ ገበሬ የእግር መዛል

ታካሚው በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኙ የሞረትና ጅሩ ገበሬ ናቸው። ማንነታቸው እንዳይለይ ጥቂት ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ። ወደ ደብረ ብርሃን የመጡት በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ቀኝ እግራቸው ከዛለ በስድስተኛው ቀን ነበር። ሲራመዱ ጉልበታቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ያነሣሉ፤ የእግራቸው መዳፍ ግን ተንጠልጥሎ ይቀርና ጣቶቻቸው ወለሉን ፍቀው ጠፍ ብለው ይወርዳሉ። ባለሙያዎች ፉት ድሮፕ የምንለው ነው።

ከእሳቸው ጋር አራት ማብራሪያዎች አብረው መጡ። ባለቤታቸው መርፌ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው በስልክ ዲስክ ነው ብሏል። ጎረቤት ጓያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠርጥሯል። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ብርድ መታኝ ባይ ናቸው። አንዱም ከሜዳ የተነሣ ግምት አልነበረም፤ እያንዳንዱን የሚደግፍ ነገር በታሪካቸው ውስጥ ይገኛል። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። በተለምዶ ኢኤምጂ የሚባለው የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደማያስፈልግና ምን ተጠይቆ መታዘዝ እንዳለበት አጥርቶ የሚያሳይ ታካሚ በየቀኑ አይገኝም።

ከዚያ በፊት የሆነው

የጅሩ ጥቁር መረሬ አፈር የስንዴ፣ የጤፍ፣ የባቄላ፣ የምስርና የጓያ አገር ነው። ምስር አጭር ተክል ስለሆነ ቆመው አያጭዱትም። ቁጢጥ ብለው፣ መስመር ይዘው፣ እየተንፏቀቁ ይነቅሉታል። የደረቀው ፍሬ ፀሐይ ሲመታው ስለሚረግፍ ሥራው የሚጀመረው ገና ጤዛውና ውርጩ ሳይለቅ ነው። ታካሚያችን በኅዳር መጨረሻ ለተከታታይ ቀናት ከንጋት እስከ ማምሻ ቁጢጥ ብለው ነቅለዋል። ጊዜው ጾመ ነቢያት የገባበት ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ለሳምንታት ታመው ስለነበር ልብሳቸው እስኪሰፋቸው ከስተዋል።

በመጨረሻው ቀን ማምሻ ወገባቸው ደርቆ አልዘረጋ አላቸው። በአካባቢው ወደሚገኝ የሕክምና መስጫ ሄደው የሕመም ማስታገሻ መርፌ በቀኝ መቀመጫቸው ተወጉ። ወደ ቤታቸው ገብተው ተኙ። ሲነጋ ከአልጋ ወርደው አንድ እርምጃ እንደተራመዱ ቀኝ እግራቸው ከደጃፉ ጋር ተጋጨ።

«ዶክተር፣ ደህና ሰው ነበሩ» አሉኝ ባለቤታቸው። «መርፌውን ተወግተው ገቡ፤ ሲነጋ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል?»

ንግግራቸው ውስጥ ቁጣ ነበረበት። መርፌውን ወደ ወጋው ባለሙያ ሽማግሌ ለመላክ ተመካክረው ነበር። ስለዚህ ከፊታችን የቀረበው ጥያቄ የሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ቤተሰብ ሰላምም በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

እጅና መዶሻ የሚናገሩት

ከማናቸውም መሣሪያ በፊት አካላዊ ምርመራ ይቀድማል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምርመራው የትኛውን ነርቭና የትኛውን ጡንቻ እንደሚፈትሽ የሚወስነው አካላዊ ምርመራው ነው። እሱ ከሌለ መርማሪው በጨለማ ይዳብሳል።

ቀኝ የእግር መዳፋቸውን ወደ ላይ ማንሣት አልቻሉም። ጣቶቻቸውን ማንሣትም እንዲሁ። መዳፉን ወደ ውጭ መግፋት በጣም ደክሟል። በጣቶቻቸው ጫፍ መቆም ግን ይችላሉ፤ ባታቸው ሙሉ ኃይል አለው። ቀጥሎ የመዳፉን ወደ ውስጥ መዞር ፈተሽኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተንጠለጠለ እግር እንደተንጠለጠለ ወደ ውስጥ እንዲዞር ከተጠየቀ ጡንቻው ጤነኛ ሆኖ እንኳ ደካማ ይመስላል። ስለዚህ መዳፉን በእጄ ደግፌ ወደ ላይ ካስተካከልኩ በኋላ «አሁን ጋሼ፣ ወደ ውስጥ ይግፉኝ» አልኳቸው። ጠንክረው ገፉኝ። በጎናቸው ተኝተው ቀኝ እግራቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ስጠይቃቸውም የዳሌያቸው ጡንቻ አልተበገረም።

እነዚህ ሁለት ፈተናዎች ከዲስክ አንጻር ትልቅ ዋጋ አላቸው። ከወገብ አምስተኛው የነርቭ ሥር መዳፉን ወደ ላይ የሚያነሣውን ብቻ አይመግብም፤ ወደ ውስጥ የሚያዞረውንና ዳሌን ወደ ጎን የሚያነሣውንም ይመግባል። ሥሩ በዲስክ ተጨፍልቆ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አብረው እንዲደክሙ ይጠበቅ ነበር። እግራቸውን ቀጥ አድርጌ ሳነሣም ወደ ታች የሚወርድ ሕመም አልነበረም።

ጅማታቸው በመዶሻ ሲመታ እግራቸው በራሱ የሚሰጠው ምላሽ፣ ማለትም የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ፣ በሁለቱም እግሮች እኩል ነው። ውስጥ እግራቸውን ስጭረው አውራ ጣታቸው ወደ ታች ታጠፈ። እግራቸው አልገተረም። ጓያ የሚያመጣው ሽባነት ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። የጓያው መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ታች የሚወርዱትን የአከርካሪ መስመሮች ስለሆነ ሁለቱም እግሮች ይገተራሉ፣ ሪፍሌክሱ ይጠነክራል፣ ታካሚው በጣቱ ጫፍ እየረገጠና እግሮቹን እያጣለፈ ይራመዳል። የእኒህ ሰው እግር ዝሏል እንጂ አልገተረም። የጎረቤቱ ጥርጣሬ እዚሁ ላይ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ወደቀ።

የስሜት ጉድለቱ በእግራቸው ጀርባና በቅልጥማቸው ውጭ ጎን በታችኛው ክፍል ላይ ነው። ውስጥ እግራቸው ጤነኛ ነው። በቆዳቸው ላይ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ፊቡላ የሚባለው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ ነርቩን ዳሰስኩት፤ አልወፈረም። የክርናቸውም ነርቭ አልወፈረም። ይህን ዳሰሳ መዝለል አይገባም። የሥጋ ደዌ በአገራችን አልጠፋም፤ ከሚወዳቸው ቦታዎችም ይህ የጉልበት ነርቭና የክርኑ ነርቭ ግንባር ቀደም ናቸው። ነርቩ ወፍሮና ታምሞ ቢገኝ ኖሮ መንገዱ ፈጽሞ ሌላ በሆነ፤ በጊዜ የሚጀመር፣ የነርቭን እብጠት የሚቀንስ ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት እግርን ሊያድን ይችላልና።

የፊቡላን አንገት በጣቴ መታ መታ ሳደርግ ግን ንዝረት ወደ እግራቸው ጀርባ ፈሰሰ። በመጨረሻ ስለ ግራ እግራቸው ጠየቅኳቸው።

«እሱስ ደህና ነው» አሉኝ።

አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡና እንዲይዙት ነገርኳቸው። ስጫነው ትንሽ ለቀቀ። እሳቸው አላወቁትም ነበር። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ምልክት ነው። በቀኝ መቀመጫ የተወጋ መርፌ የግራን አውራ ጣት አያደክምም።

ታዲያ ምርመራው ለምን አስፈለገ?

እዚህ ድረስ የተገኘው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል። ፔሮኒያል የሚባለው ነርቭ በፊቡላ አንገት ላይ ተጨፍልቋል። ነርቩ በዚያ ቦታ አጥንቱን ተጠምጥሞ የሚያልፈው ከቆዳ ሥር ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ሲል ነርቩ በታጠፈው ጉልበት ይወጠራል፣ በጡንቻና በአጥንት መካከልም ይጨመቃል። ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ የነበረችው ጥቂት ስብ ስለምትሳሳ ይበልጥ ይጋለጣል። ቁጢጥ ብለው የሚሠሩ ለቃሚዎችና አራሚዎች በዚህ እንደሚጠቁ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

አካላዊ ምርመራው ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል። ከመቀመጫ በስተጀርባ የሚወርደው ሲያቲክ ነርቭ በአንድ ሽፋን የታሰሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ ክፍል ከጉልበት በታች ፔሮኒያል የሚሆነው ነው። የመቀመጫ መርፌ ስቶ ሲያቲክን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ይኸው ክፍል ነው። በውጭ በኩል ስለሚገኝ፣ ክሮቹም ትልልቅና በመካከላቸው ያለው ደጋፊ ሥጋ አነስተኛ ስለሆነ በቀላሉ ይጠቃል። እንዲህ ሲሆን ውጤቱ ጉልበት ላይ ከተጨፈለቀ ነርቭ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ መዳፉ ይንጠለጠላል፣ ባቱ ግን ይሠራል። የግራ አውራ ጣት ድክመት ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ሆኖም ቀላል ድክመት ነበር፤ በእሱ ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት የወደፊቱ ነው። ነርቭ ሲጎዳ ሁልጊዜ ይሞታል ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሴዶን በ1943 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የነርቭ ጉዳት ክፍፍል ዛሬም ያገለግላል። በቀላሉ የተጨመቀ ነርቭ ሽፋኑ ብቻ ተጎድቶ መልእክት ማሳለፍ ያቆማል፤ ውስጡ ያለው ክር ግን ሕያው ነው። ቦይ መሐል ላይ ናዳ ቢወርድበት ውኃው ከዚያ በታች ይቋረጣል እንጂ የታችኛው ቦይ አይፈርስም፤ ናዳው ሲጠረግ ውኃው ይቀጥላል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በሳምንታት ወይም በሁለትና በሦስት ወራት ውስጥ ይመለሳል። ክሩ ራሱ ከሞተ ግን ከጉዳቱ ቦታ ጀምሮ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ እያደገ መሄድ አለበት፤ ያ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ለአንድ ገበሬ ይህ ልዩነት ለመጪው ክረምት ራሱ ያርሳል ወይስ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች፣ የቱ ቦታና ምን ያህል የሚሉትን፣ ከእጅና ከመዶሻ በላይ የሚመልሰው ኢኤምጂ ነው። ሕክምናውን የሚቀይር መልስ ስለሚሰጥም ወጪው ይገባዋል።

«ነገውኑ ይሂድ»

ወንድማቸው በስልክ «ነገውኑ ይሂድ፣ እኔ እቀበለዋለሁ» አለኝ። ወንድም ለወንድሙ የሚያስበውን አስቦ ነው። እኔ ግን ለኢኤምጂው ሦስት ሳምንት እንዲጠብቁ መከርኩ። ሰሚው በቀላሉ የሚቀበለው ምክር አይደለም፤ እግሩ የዛለ ሰው ጠብቅ ሲባል የተናቀ ይመስለዋል። ምክንያቱን በዝርዝር መንገር ግዴታችን ነው።

ነርቭ ተቆርጦ እንኳ ቢሆን ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል ወዲያው አይሞትም። ለቀናት በኤሌክትሪክ ሲነካ ጤነኛ መስሎ ይመልሳል። ወደ ጡንቻ የሚሄደው ክር ምላሹን የሚያጣው በሳምንት ገደማ ነው፤ የስሜት ክር እስከ 10 እና 11 ቀን ሊቆይ ይችላል። ጡንቻው ነርቡን እንዳጣ የሚናገረው በመርፌ የሚሰማ ምልክት ደግሞ እስኪወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በስድስተኛው ቀን ቢመረመሩ መልእክቱ ጉልበት ላይ መቆሙ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ የቆመው ክሩ ስለታፈነ ነው ወይስ ስለሞተ የሚለው ግን አይለይም። እሳቸውን ወደ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ማመላለስ ማለት የሁለት ሰው የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ፣ ያልተሰበሰበ እህልና ያለ ጠባቂ የቀረ ከብት ማለት ነው። እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ ከደብረ ብርሃን ሲነሡ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጅሩ ለሚነሣ ሰው ይረዝማል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

እንዲህ ስል ማንኛውም የእግር መዛል ይጠብቃል ማለቴ አይደለም። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው ወይም በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ ሰው በዚያው ቀን አከርካሪውን ፎቶ ወደሚያነሣው ኤምአርአይና ወደ ቀዶ ሐኪም ይሄዳል፤ ለእሱ ኢኤምጂ ጊዜ ማባከን ነው። ማጭድ ወይም ስለት ነርቡን በቆረጠበት ቁስል ላይም ቀዶ ሐኪም ይቀድማል። ድክመቱ ከሁለቱም እግሮች ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ወደ እጅ የሚወጣበት ሰው ነርቮችን በፍጥነት የሚያዝለው ጉለን ባሬ የተባለ በሽታ ሊሆን ይችላልና አተነፋፈሱ በየሰዓቱ የሚታይበት አልጋ ያስፈልገዋል። ምርመራው እዚያ ይጠቅማል፣ ሕክምናውን ግን አያስጠብቅም።

ለታካሚያችንም ቢሆን ሦስቱ ሳምንታት የሥራ ጊዜ ነበሩ። ቁጢጥ ማለት ፈጽሞ ተከለከለ። እግርን በእግር ላይ ማነባበርም እንዲሁ። የግድ ዝቅ ብለው የሚሠሩት ነገር ካለ በዱካ ላይ ተቀምጠው እንዲሆን ተስማማን። መዳፉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ከሽፍን ጫማ ጋር አደረጉ። ፊዚዮቴራፒስቱ የተረከዛቸው ጅማት እንዳያጥር ባለቤታቸውን መሳሳቡን አሠለጠናቸው። የደነዘዘ እግር እሳት አጠገብ እንደማይዘረጋ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ በታኅሣሥ ብርድ ምድጃ ዳር መቀመጥ የቤቱ ሁሉ ልማድ ነውና። የቀረውን ምስር ጎረቤቶቻቸው በደቦ ነቀሉላቸው።

የኤምአርአዩ ወረቀት

ወንድም ግን አልቻለም። በሁለተኛው ሳምንት መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳቸውና ኤምአርአይ አስነሣቸው። ውጤቱ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ መውጣቱን ይናገራል። አንድ ባለሙያም ቀዶ ሕክምና እንዲያስቡበት ነገራቸው። ቤተሰቡ ከመርፌው ወደ ዲስኩ ዞረ።

የዲስኩ ቦታ ከምልክቱ ጋር ይገጥማል፤ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር የሚጠቃው በአብዛኛው እዚያ ነው። ስለዚህ ቀዶውን ያሰበው ባለሙያ ያለ ምክንያት አልተናገረም። ነገር ግን ኤምአርአይ የሚያሳየው ቅርጽን እንጂ ሥራን አይደለም። ወገባቸውን አንድም ቀን አሟቸው የማያውቁ ሰዎች የተካተቱባቸው ጥናቶች ተሰብስበው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ፣ የዲስክ ማበጥ ከ20 ዓመት ወጣቶች በ30 በመቶው፣ ከ40 ዓመት ሰዎች በግማሹ፣ ከ80 ዓመት አዛውንት በ84 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ዕድሜውን በሙሉ ሲያርስና ሲሸከም የኖረ ሰው ዲስኩ ወጥቶ ቢገኝ አያስገርምም። ያ ዲስክ እግሩን አዝሏል ወይ የሚለው ግን በፎቶግራፍ አይመለስም፤ ነርቡን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀዶውን እንዲያቆዩ ለመንኳቸው። ተስማሙ።

የላኪው ወረቀት

በብዙ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቶች ላይ «ኢኤምጂ ይሠራለት» ከሚል በስተቀር ምንም አይጻፍም። ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል። ምርመራው እንደ ደም ምርመራ ናሙና ሰጥተው ቁጥር የሚቀበሉበት አይደለም። መርማሪው በየደረጃው የቱን ነርቭ ልንካ፣ የቱን ጡንቻ ልውጋ እያለ ይወስናል። ጥያቄውን ካላወቀ መደበኛውን ዙር ሠርቶ ይመልሳል፤ ታካሚውም ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ ይመጣል።

በእኒህ ሰው ወረቀት ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የደከሙና ያልደከሙ ጡንቻዎችን ዝርዝር፣ የመርፌውን ቦታና የኤምአርአዩን ውጤት ጻፍኩ። ከዚያ የጉዳቱ ቦታ የነርቭ ሥር፣ ሲያቲክ ወይስ ፊቡላ አንገት መሆኑን፣ ክሩ ታፍኗል ወይስ ሞቷል የሚለውን፣ የግራው እግር ከጉዳዩ ውስጥ መኖሩን ጠየቅኩ። የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ እንደሌላቸውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደማይወስዱም ጨመርኩ፤ መርማሪው ይህን ሳይነገረው ባይጀምር ይሻላል።

የምርመራው ቀን

በአራተኛው ሳምንት ሄዱ። ከማለዳው ብርድ ገብተው ስለነበር የእግራቸው ቆዳ ሙቀት ሲለካ 26 ዲግሪ ሆነ። መርማሪዋ ምርመራውን አልጀመረችም። እግራቸውን በሞቀ ውኃ ነክራ ከ30 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ጠበቀች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አክብሮት ይገባዋል። የነርቭ ፍጥነት ቆዳው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኝ አገር በታኅሣሥና በጥር የሚመጣ እግር ሳይሞቅ ቢለካ ጤነኛው ነርቭ በሽተኛ ይባላል።

ምርመራው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ነርቡ በቆዳ ላይ በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ይነካል፤ ጡንቻው ወይም የስሜት ክሩ የሚሰጠው ምላሽ መጠንና የመልእክቱ ፍጥነት ይለካል። ያስደነግጣል እንጂ ጉዳት አያደርስም። በሁለተኛው ቀጭን መርፌ ወደ ጡንቻው ይገባና ጡንቻው ሲያርፍና ሲሠራ የሚያሰማው ድምፅ ይደመጣል። በመርፌው ምንም አይጨመርም። ይህን አስቀድሜ ለባለቤታቸው ነግሬ ነበር፤ መርፌ የሚለውን ቃል ሰምተው ከደጅ እንዳይመለሱ።

ብዙ ጊዜ ምላሹ የሚመዘገበው ከእግር ጀርባ ላይ ካለች ትንሽ ጡንቻ ነው። ያቺ ጡንቻ ግን በባዶ እግር ወይም በጠንካራ ጫማ ብዙ በተጓዘ ሰው ላይ ያለ በሽታም ልትሟሽሽ ትችላለች። መርማሪዋ ስለዚህ መዳፉን የሚያነሣውን ትልቁን የቅልጥም ጡንቻም መዘገበች። ነርቡን ከፊቡላ አንገት በታች ስትነካው ምላሹ 5 ሚሊቮልት ሆነ። ከአንገቱ በላይ፣ ከጉልበት በስተጀርባ ስትነካው ወደ 1.3 ወረደ። ፍጥነቱ ከጉልበት በታች በሰከንድ 46 ሜትር ሲሆን በአንገቱ ላይ ሲያልፍ 23 ብቻ ነበር። በእግር ጤነኛ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 በላይ ይሄዳል። መልእክቱ በዚያች አጭር ቦታ ላይ ታፍኗል፤ ከእሷ በታች ያለው ክር ግን በአብዛኛው ሕያው ነው።

የስሜት ነርቡ ምላሽ በቀኝ ከግራው በግማሽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር በዲስኩ ላይ ከባድ ምስክር ነው። የስሜት ክር እናት ሕዋስ የምትገኘው ከአከርካሪው ወጣ ብሎ ባለ ተፈጥሯዊ እብጠት ውስጥ ስለሆነ ዲስክ ሥሩን ቢጨፈልቅ እንኳ ከእሷ ወደ ታች ያለው ክር አይሞትም። ታካሚው እግሬ ደነዘዘ እያለ የመሣሪያው ንባብ ጤነኛ ይሆናል። እዚህ ግን ንባቡ ቀንሷል፤ ጉዳቱ ከእብጠቷ በታች ነው።

የመጨረሻው ቁልፍ በመርፌው ተገኘ። ከጭን በስተጀርባ ካሉት ጡንቻዎች መካከል አንዲት አጭር ጡንቻ አለች። ከጉልበት በላይ ሆና በሲያቲክ ነርቭ የፔሮኒያል ክፍል የምትመገብ እሷ ብቻ ናት። መቀመጫ ላይ የተወጋው መርፌ ያን ክፍል ጎድቶ ቢሆን ይህቺ ጡንቻ ነርቧን ባጣች ነበር። ጤነኛ ናት። መዳፉን ወደ ውስጥ የሚያዞረው፣ ዳሌን የሚያነሣውና የወገብ ዳር ጡንቻዎችም ጤነኞች ናቸው። ነርብ የማጣት ምልክት የተገኘው ከጉልበት በታች፣ ፔሮኒያል በሚመግባቸው ጡንቻዎች ብቻ ሲሆን እሱም ጥቂት ነበር። በግራ እግርም ነርቡ በፊቡላ አንገት ላይ ቀለል ያለ መዘግየት አሳየ።

ምስር ነቀላው ነበር።

ውጤቱ የቀየረው

ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ወንድማቸው የምርመራውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ እያንዳንዱን መስመር እያስረዳሁ አብረን አነበብነው። ባለቤታቸው ስለ አጭሯ ጡንቻ ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲያው ልጁን በከንቱ አስቀየምነው» አሉ። ሽማግሌ መላኩ ቀርቶ እሳቸው ራሳቸው ሄደው እንዳነጋገሩት በኋላ ሰማሁ።

ይህ ማለት የመቀመጫ መርፌ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በመቀመጫ መርፌ እግራቸው የቀረ ልጆችና አዋቂዎች አሉ። በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እያለ መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም የሚለው እምነትም መርፌ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይጎዳል። የግድ ከሆነ ከሲያቲክ የሚርቀው የዳሌ ጎን ይመረጣል። በመርፌ የተጎዳ ነርቭ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲገባ ወዲያው እንደ እሳት የሚያቃጥል ሕመም ይልካል፤ ታካሚያችን እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማቸውም ነበር።

ይህ ታሪክ ኢኤምጂ ለማንኛውም የእግር ሕመም ነው የሚል ስሜት እንዳያሳድር እሰጋለሁ። ለዓመታት ስኳር ኖሮበት ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ እኩል የሚያቃጥሉት ሰው ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ምርመራው የሚጨምረው ጥቂት ነው። ገንዘቡ ለስኳር መቆጣጠሪያና ለእግር እንክብካቤ ቢውል ይሻላል። ከዚህም በላይ ሙቀትና ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭን ክሮች በዚህ መሣሪያ አይለኩም፤ ታካሚው በእሳት እየነደደ ወረቀቱ ጤነኛ ሊል ይችላል። ድክመትና መደንዘዝ የሌለበት የወገብ ሕመምም እንዲሁ። ጓያ ያገታተረው እግርም ጉዳቱ አከርካሪ ውስጥ ስለሆነ ሊነገር የሚችለው በሪፍሌክስ ነው። በአንጻሩ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨምቆበት ቀዶ የታሰበለት፣ ጡንቻው በዝምታ እየመነመነ ያለ፣ ከአደጋ በኋላ እጁ ወይም እግሩ የማይታዘዝ ሰው መሄድ አለበት፤ ርቀቱም ሊያስቀረው አይገባም።

በስምንተኛው ሳምንት ታካሚያችን መዳፋቸውን ከወለሉ አነሡ። እስከ ሦስተኛው ወር ምንም መሻሻል ካልታየ ነርቡን ከጫናው ነፃ ወደሚያደርግ ቀዶ ሐኪም ለመላክ አስበን ነበር፤ አላስፈለገም። በሚያዝያ በተረከዛቸው ቆመው ክፍሉን ዞሩልኝ። የግራ አውራ ጣታቸው ቀድሞ ድኗል። የቀኙ አውራ ጣት ግን ዘገየ፤ የሞቱት ጥቂት ክሮች ወደ እሱ ጡንቻ ለመድረስ ረጅሙን መንገድ ማደግ አለባቸው።

ወንድማቸው ሁለተኛ ኢኤምጂ ይሠራ ብሎ ጠይቆኛል። አላዘዝኩም። ኃይላቸው በዓይን እየታየ እየተመለሰ ነው፤ ወረቀቱ የሚለው ምንም ይሁን ምን የምናደርገው አይቀየርም። ድጋፉን አስወለቅናቸው፤ ለሚመጣው ምስር ነቀላ ዱካ ይዘው ወደ ማሳ እንዲወርዱና በየግማሽ ሰዓቱ እንዲቆሙ ተነጋግረን በሰኔ እንዲመለሱ ቀጠርኳቸው።